ስድስቱ ደቂቃ የት ገባ? ፍሉይድ መካኒክስን ቧንቧ ዳር ቆሞ ማጥናት

ኮምቦልቻ ውስጥ ቧንቧ ስዘረጋና ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ዲግሪዬን በማታው ክፍለ ጊዜ የያዝሁት ዘግይቼ ነው፤ ቀመሩን ያወቅሁት እጄ ውሃውን ከለመደ በኋላ ነበር። የፍሉይድ መካኒክስ፣ ማለትም የፈሳሽና የአየር ግፊትና ፍሰት ትምህርት፣ ፈተና ሲቃረብ የምህንድስና ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቤቴ ይመጣሉ። ደብተሩ ሲገለጥ የማየው በሽታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ የበርኑሊን ቀመር ይጽፋሉ፤ የተሰጠውን ቁጥር ሁሉ ይሰገስጉበታል፤ የወጣው መልስ በአንድ የመኖሪያ ቤት ቧንቧ ውስጥ ውሃ በሰከንድ 40 ሜትር ይሮጣል ቢልም እንኳ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረውበት ያልፋሉ።

እኔ ውሃን እንደ መንገደኛ ነው የምቆጥረው። ሲነሣ ኪሱ ውስጥ ስንት ነበረው? በየት በየት ከፈለ? ሲደርስ ምን ተረፈው? ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ያሳተመው ሐሳብ ሲጨመቅ ይኸው ነው፦ የከፍታ ገንዘብ፣ የግፊት ገንዘብ እና የፍጥነት ገንዘብ እርስ በርስ ይመነዘራሉ። ከዚያ ወዲህ የመጡት መሐንዲሶች የጨመሩበት ደግሞ በመንገድ ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ፣ ማለትም ሰበቃን ነው። ሁሉንም በአንድ መለኪያ፣ በሜትር ውሃ ከጻፋችሁት ሂሳቡ እንደ ሱቅ ደብተር ይወራረዳል። ካልተወራረደ ወይ እናንተ ተሳስታችኋል፣ ወይ ቧንቧው የደበቀው ነገር አለ።

ባለፈው በጋ የሜካኒካል ምህንድስና የሚያጠና አንድ ተማሪ ደሴ ወደምትኖረው አክስቱ ቤት ይዞኝ ሄደ። ቤቷ በጦሳ ተራራ በኩል ዳገቱ ላይ ነው። ቧንቧዋ ከመንጠባጠብ አልፎ አይፈስም፤ ሴትዮዋም ጎረቤቶቿ ከመስመሯ ቀጥለው ውሃዋን እንደሚወስዱባት እርግጠኛ ነበረች። አንዲት የሲቪል ተማሪም አብራን መጣች። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ቀን ያደረግነውን ተከትዬ ነው። ዕቃው በየቤቱ ስላለ እናንተም ልትደግሙት ትችላላችሁ፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ፣ ውስጡ የሚታይ ጥቂት ሜትር ጎማ፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ። የግፊት መለኪያ ብቻ ከቧንቧ ዕቃ መደብር መግዛት ወይም ከባለሙያ መዋስ ያስፈልጋል።

ትምህርቱ ከሐረጎ ይጀምራል

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ሚኒባሱ በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጆሯችሁ የሚደፈነው ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አየሩ በ81 ኪሎፓስካል ገደማ ይጫናችኋል፤ ደሴ ስትደርሱ 75 ገደማ ይሆናል። በባሕር ዳርቻ ያለው 101 ነው፤ መጽሐፋችሁ የተጻፈው እዚያ ላለ ሰው ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ደሴ ላይ ውሃችሁን ጠጥታችሁ ባዶውን ጠርሙስ አጥብቃችሁ ክደኑትና ይዛችሁት ውረዱ። ኮምቦልቻ ስትገቡ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨምድዶ ታገኙታላችሁ። ሙቀቱን ብንተወው፣ ውስጡ ያለው አየር ከመቶ 7 እጅ ያህል ተጨምቋል።

የዚህን ነገር ጥቅም የማውቀው በመምጠጫ ፓምፕ ነው። ፓምፕ ውሃን አይስብም። አፉ ላይ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውን ከታች ገፍቶ የሚያወጣው አየሩ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠለል ላይ በሐሳብ ደረጃ 10.3 ሜትር የሚደርሰው መምጠጥ ኮምቦልቻ ላይ 8.3፣ ደሴ ላይ 7.6 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። በተግባር ሰበቃውና የውሃው ትነት ከዚህም ይቀንሱበታል። ፈተና ላይ "ደሴ" የሚል ቃል አይታችሁ 10.3 ከጻፋችሁ የተሳሳታችሁት ቀመሩን ሳይሆን አገሩን ነው።

መንገዱ ላይ ሌላም ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ አንድ ወጥ ቧንቧ ዘርግተን፣ ውሃ ሞልተን፣ ከታች ብንዘጋው ምን ይሆናል? የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት 650 ሜትር ነው። 10 ሜትር ውሃ አንድ ባር ያህል ስለሚሆን ከታች 64 ባር ገደማ ይከመራል። በሰፊው የሚሸጡት የፕላስቲክ ቧንቧዎች 10 ወይም 16 ባር እንዲችሉ የተሠሩ ናቸው። ቁልቁለት ላይ በየመካከሉ ግፊት የሚሰብር ክፍት ገንዳ የሚሠራው ውሃው ያጠራቀመውን ሁሉ እዚያ አራግፎ ከዜሮ እንዲጀምር ነው።

ውሃው ቆሞ ሳለ

ሴትዮዋ ቤት እንደደረስን የቧንቧውን አፍ ፈትተን የግፊት መለኪያውን አሰርንበት። ምንም ነገር ሳይከፈት መርፌው 0.8 ባር አሳየ። ይህን ወደ ሜትር ለመለወጥ 80,000 ፓስካልን ለውሃው እፍጋት (1,000) እና ለስበት (9.81) ማካፈል ነው፤ 8.16 ሜትር ይመጣል። ዋናው መስመር ውስጥ ያለው ውሃ ከቧንቧዋ አፍ 8 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ያህል ይገፋል ማለት ነው። መለኪያው የሚያሳየው ከአየሩ በላይ ያለውን ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ አየር ላይ ብትይዙት ደሴም ኮምቦልቻም ዜሮ ይላል።

የቆመ ውሃ ቀረጥ አይከፍልም። ሰበቃ የሚመጣው ከእንቅስቃሴ ጋር ነው። ስለዚህ ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ የሚታየው ግፊት መንገደኛው ሲነሣ ኪሱ ውስጥ የነበረው ሙሉ ገንዘብ ነው። ከመስመሯ ላይ ሌላ ሰው እየቀዳ ቢሆን ኖሮ ውሃው ይንቀሳቀሳል፣ ሰበቃ ይኖራል፣ መርፌው ዝቅ ብሎ ይዋልላል። አሥር ደቂቃ አፍጥጠን ጠበቅን፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። የጎረቤቶቹን ንጽሕና ለሴትዮዋ ብነግራት "እነሱ የሚወስዱት ሌሊት ነው" አለችኝ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበትን ነገር እዚህ ላይ ልጥቀስ። ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ሮቶ 10,000 ሊትር ቢይዝም 1,000 ሊትር ቢይዝም፣ በሁለቱም ውስጥ የውሃው ከፍታ እኩል ከሆነ ታች ያለው ግፊት እኩል ነው። ስፋት ግፊት አይጨምርም። ይህን የማያምን ሰው ግንበኞችን ይይ፤ ውስጡ በሚታይ ጎማ ውሃ ሞልተው የሁለት ምሰሶዎችን ልክ ሲያወጡ ጎማው የትም ቢጠማዘዝ፣ አንዱ ጫፍ ቢሰፋም ቢጠብም፣ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ነው የሚቆመው። በጎማው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ግን ልኩ ይዋሻል፤ ግንበኛ ሁሉ ጎማውን እየመታ አረፋ የሚያስወጣው ለዚህ ነው።

ጀሪካኑ ስር

መለኪያውን ፈትተን ቧንቧውን መልሰን ሙሉ በሙሉ ከፈትንና ጀሪካኑን ደቀንን። ቡና ለመቁላት በቂ ጊዜ ነበር። ስድስት ደቂቃ!

20 ሊትር ለ360 ሰከንድ ሲካፈል 0.056 ሊትር በሰከንድ ነው። ከቤቷ እስከ ዋናው መስመር ያለው 60 ሜትር የግማሽ ኢንች ብረት ቧንቧ ነው፤ የውስጥ ዲያሜትሩን 15 ሚሊ ሜትር ብለን ያዝን። ስፋቱ 177 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ፍሰቱን ለስፋቱ ስናካፍል ውሃው በሰከንድ 0.31 ሜትር ይሄዳል። ይህ የቀጣይነት ሕግ የሚባለው ነው፦ በአንድ በኩል የገባ በሌላ በኩል መውጣት አለበት። የቤት ቧንቧ ውስጥ ውሃ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ 2 ሜትር በሰከንድ ስለሚሄድ 40 ሜትር የሚል መልስ ስታገኙ እርሳሳችሁን አስቀምጡ።

ይኸው ሕግ ለወንዝም ይሠራል። በጋ ላይ ቦርከና ጎድሎ ሲሄድ ብርቱካን ጣሉበት፤ ብርቱካን አብዛኛው ሰውነቱ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋስ አያታልለውም። 10 ሜትር ለመሄድ የፈጀበትን ጊዜ ያዙ፣ የላዩን ፍጥነት በ0.85 አባዙ፤ ምክንያቱም የወንዙ አልጋና ዳር የታችኛውን ውሃ ይጎትቱታል። ከዚያ በወንዙ ስፋትና በአማካይ ጥልቀቱ ማባዛት ነው። ክረምት ላይ ግን እንዳትሞክሩት። ቦርከና ሲሞላ አስተማሪነቱን ይተዋል።

ጣት ጎማው አፍ ላይ

ጀሪካኑ እስኪሞላ ልጁ በጎማ ስለማጠጣት ጠየቀኝ፤ እኔም ጥያቄውን መልሼ ለሁለቱም ሰጠኋቸው። ጎማውን በጣታችን ስናጠበው ውሃው ሩቅ የሚወረወረው ለምንድን ነው? ሁለቱም በአንድ አፍ "ስፋቱ ስለቀነሰ ፍጥነቱ ጨመረ፤ የቀጣይነት ሕግ" አሉኝ። ይህ መልስ ፈተና ላይ ነጥብ ያስገኝ ይሆናል እንጂ ትክክል አይደለም። የቀጣይነት ሕግ እንዲያ የሚሠራው ፍሰቱ ሳይለወጥ ከቆየ ብቻ ነው። ጣታችሁን ስትጭኑ ግን ፍሰቱ ራሱ ይቀንሳል፤ ካላመናችሁ በጀሪካን ለኩት።

ሂሳቡን እናወራርደው። ጎማው መግቢያ ላይ 8 ሜትር አለን እንበል። አፉ ክፍት ሲሆን ውሃው ብዙ ስለሚፈስ 7 ሜትሩን ለጎማው ግድግዳ ይከፍላል፤ ለመወርወር የሚተርፈው 1 ሜትር ብቻ ነው። ጣታችሁ ፍሰቱን በግማሽ ሲቀንሰው ሰበቃው ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፤ ሰበቃ ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ ማለት ነው። አሁን በመንገድ የሚከፈለው ወደ 2 ሜትር ነው፤ 6 ሜትር ተረፈ። የተረፈው ሁሉ ወደ ፍጥነት ይመነዘራል፦ √(2 × 9.81 × 6)፣ ወደ 11 ሜትር በሰከንድ። ውሃውን የሚወረውረው መጥበቡ ሳይሆን በመንገድ ላይ የተቆጠበው ነው። ሰበቃ የሌለበት ጎማ ቢኖር ኖሮ ጣታችሁን አደረጋችሁም አላደረጋችሁም የሚወጣበት ፍጥነት አንድ በሆነ ነበር።

ይህን ስላልተዋጠላቸው ጠርሙስ አመጣሁ። ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ መሬት ላይ አቁማችሁ በጋለ ምስማር ከመሬት 6፣ 12 እና 18 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀዳዳ አብጁ፤ ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር ላይ እንዳይሆኑ ትንሽ ገለል አድርጓቸው፣ አለዚያ ውሃዎቹ ይጋጫሉ። ከላይ እየጨመራችሁ ውሃውን 24 ሳንቲ ሜትር ላይ አቆዩት። ከመልቀቃችሁ በፊት ግን የትኛው ሩቅ እንደሚደርስ ጻፉ።

ልጆቹ "የታችኛው" ብለው ጻፉ፤ ብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕልም እንዲያ ነው። ውሃው ሲለቀቅ ሩቅ የደረሰው የመካከለኛው ሆነ፤ የላይኛውና የታችኛው አንድ ቦታ ላይ ወደቁ። የታችኛው ፈጣን ነው፣ እውነት፤ ግን መሬቱ ቅርብ ስለሆነ ለመሄድ ጊዜ አላገኘም። የላይኛው ዘገምተኛ ቢሆንም አየር ላይ ረጅም ይቆያል። ርቀቱ ሁለት ጊዜ √(ከቀዳዳው በላይ ያለው ውሃ × ከቀዳዳው እስከ መሬት ያለው) ነው፦ ለመካከለኛው 24 ሳንቲ ሜትር፣ ለሁለቱ 21 ገደማ። በተግባር ትንሽ ያጥራል። ጠርሙሱን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ብታቆሙትና ውሃው ወለሉ ላይ ቢወድቅ ግን ያን ጊዜ የታችኛው ያሸንፋል። ሥዕሉ ጠርሙሱ የት እንደቆመ ሳይነግራችሁ አትመኑት።

ዕጣኑ

ሴትዮዋ ቡናውን አቅርባ ዕጣን ጣለች። ወሎ ውስጥ ሆኖ ስለ ፍሰት ዓይነት በሰሌዳ የሚያስተምር ሰው ይገርመኛል። ጭሱን ተመልከቱ፦ ከማጨሻው ሲነሣ እንደ ክር ቀጥ ብሎ፣ ንብርብሩ ሳይዛነፍ ይወጣል፤ ስንዝር ወይም ሁለት ስንዝር ከሄደ በኋላ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ይበተናል፣ ይጠቀለላል። የመጀመሪያው ላሚናር፣ የመጨረሻው ተርቡለንት ነው። ከላይ የሚበጥሰው ነፋስ ነው እንዳትሉ፣ በርና መስኮት ዝጉና እዩት።

ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 ማንቸስተር ውስጥ በመስታወት ቧንቧ በሚሄድ ውሃ ላይ ቀለም እየለቀቀ ያየው ይህንኑ ነው። የእሱ ቁጥር ፍጥነትን በዲያሜትር አባዝቶ ለፈሳሹ ዝልግልግነት ማካፈል ነው፤ የውሃው በ20 ዲግሪ አንድ ሚሊዮንኛ ካሬ ሜትር በሰከንድ ያህል ስለሆነ ለማስታወስ ይመቻል። ቧንቧ ውስጥ ከ2,000 ገደማ በታች ድርብርቡ ይጸናል፤ ከ4,000 በላይ ሁከት ነው። የእኛ ቧንቧ፦ 0.31 ሲባዛ በ0.015፣ ለአንድ ሚሊዮንኛ ሲካፈል 4,700 ገደማ። እንዲህ እያዘገመ እንኳ ሁከተኛ ነው። ግማሽ ኢንች ቧንቧ ላሚናር እንዲሆን ጀሪካኑን ለመሙላት 14 ደቂቃ መፍጀት አለበት። ስለዚህ ለውሃ ቧንቧ ጥያቄ የላሚናሩን ቀመር በደመ ነፍስ የምትጽፉ ሰዎች ቆም በሉ።

ምሳ ላይ ሽሮ ቀረበ። ልጅቷ "የዚህስ ሬይኖልድስ ቁጥር?" አለችኝ። ሽሮ ሲንተከተክ አረፋው ላዩን ወጥሮ ቆይቶ ድንገት ይፈነዳል፤ ሳይገፋ የማይፈስ ፈሳሽ ስለሆነ ነው። ተልባም ሌላ ጉድ ነው። ለእነዚህ አንድ የዝልግልግነት ቁጥር ስለሌላቸው ከላይ ያለው ሂሳብ አይሠራላቸውም። እኛም በላን።

የጠፋው 7 ሜትር

አሁን ደብተሩን እንክፈት። መነሻ፦ 8.16 ሜትር። ወጪ፦ የ60 ሜትሩ ቧንቧ ሰበቃ፣ የጎሚቶዎቹ (የመታጠፊያ መጋጠሚያዎቹ) እና የቧንቧው አፍ፣ መጨረሻ ላይ ውሃው ይዞት የሚወጣው ፍጥነት።

ሰበቃው የዳርሲ እና የቫይስባህ ቀመር ነው። አንሪ ዳርሲ ለዲዦን ከተማ ውሃ ያስገባ መሐንዲስ ነበር፤ ቧንቧ የለካ ሰው ስለሆነ እወደዋለሁ። የሰበቃ መጠን ሲባዛ በርዝመት፣ ሲካፈል ለዲያሜትር፣ ሲባዛ በፍጥነት ካሬ፣ ሲካፈል ለ19.62 (የስበቱ 9.81 እጥፍ)። ለለስላሳ ቧንቧ የሰበቃውን መጠን ለመገመት ይህ መጠን ከሚነበብበት ከሙዲ ሠንጠረዥ ጋር መታገል አያስፈልግም፤ 0.316ን ለሬይኖልድስ ቁጥር አራተኛ ሩት ማካፈል ይበቃል። አራተኛ ሩት ማለት በካልኩሌተር የስኩዌር ሩቱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ መጫን ነው። ለ4,700 ውጤቱ 0.038 ይመጣል። 60 ለ0.015 ሲካፈል 4,000፤ የፍጥነቱ ገንዘብ (የፍጥነት ካሬ ለ19.62 ሲካፈል) ደግሞ 0.005 ሜትር። ሦስቱን ስናባዛ 0.77 ሜትር። ጎሚቶዎቹና አፉ ተደምረው 0.1 እንኳ አይሞሉም።

8.16 ሜትር ይዞ የተነሣ መንገደኛ ያሳየን ደረሰኝ የ0.85 ሜትር ብቻ ነው። ከ7 ሜትር በላይ የት ገባ?

ልጁ "ተሳስተናል" ብሎ ሊሰርዝ ሲል እጁን ያዝሁት። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ የዋሸው ከተሰጡት ቁጥሮች አንዱ ነው። ግፊቱን ለክተናል፣ ጊዜውን ለክተናል፣ ርዝመቱን በእርምጃም በሜትርም አይተናል። ያልለካነው ምንድን ነው? ልጅቷ ቀደመችው፦ "15 ሚሊ ሜትሩን ከመደብሩ ስም ነው የወሰድነው።"

ፍሰቱ ሳይለወጥ ሰበቃ ከዲያሜትር አምስተኛ ኃይል ጋር ተገላቢጦሽ ይሄዳል። በሕይወታችሁ አንድ ነገር በቃላችሁ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ሰበቃው ከ0.77 ወደ 8 ሜትር ለማደግ አሥር ጊዜ ተኩል መባዛት አለበት፤ የዚህ አምስተኛ ሩት 1.6 ነው። 15 ለ1.6 ሲካፈል 9.4። ዝገት ሸካራ ስለሆነ የሰበቃውን መጠን ከፍ አድርገን ብናስብ 10 ገደማ። ምንም ሳንቆፍር፣ ቡና እየጠጣን፣ የቧንቧው ውስጥ ከ15 ወደ 10 ሚሊ ሜትር እንደጠበበ ደብተሩ ላይ ጻፍን።

ከዚያ ዋናውን ዘግቼ ከበሩ አጠገብ አንድ ክንድ ያህል በብረት መጋዝ ቆረጥሁ። ውስጡ ቡናማና ቀይ፣ እንደ ጉበት ተጉበጥብጦ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ እባጩ ከግድግዳው ተነሥቶ መሐል ድረስ ደርሷል። ልጅቷ ትንሿን ጣቷን ብትሞክር አልገባችም፤ የልጁ እርሳስ ግን ትንሽ እየተፋተገ አለፈ። ሴትዮዋ ቁራጩን ተቀብላ ወደ ብርሃን አዙራ አየችና ምንም ሳትናገር ጀበናው አጠገብ አስቀመጠችው።

ከመግዛታችሁ በፊት ገምቱ

አዲሱን በግማሽ ኢንች ወይስ በሦስት አራተኛ እንዘርጋ? ይህ የምህንድስና ጥያቄ ነው፤ በስሜት አይመለስም። በሦስት አራተኛ ኢንች፣ 20 ሚሊ ሜትር ብለን እንያዝ። ፍሰቱን ገና ስለማናውቀው የሰበቃውን መጠን 0.025 ብለን እንገምታለን፤ 60 ለ0.02 ሲካፈል 3,000፣ በ0.025 ሲባዛ 75፤ ሰበቃው የፍጥነቱን ገንዘብ 75 እጥፍ ይበላል ማለት ነው። ለጎሚቶዎቹ፣ ለአፉና ለመውጫው 30 ጨመርንበት፤ አፉ ግማሽ ኢንች ሆኖ ስለቀረ ድርሻው ትልቅ ነው። ድምሩ 105። 8.16 ለ105 ሲካፈል 0.078 ሜትር የፍጥነት ገንዘብ ይሆናል፤ በ19.62 አባዝተን ስኩዌር ሩቱን ስንወስድ 1.24 ሜትር በሰከንድ። ሬይኖልድስ ቁጥሩን መልሰን ብናወጣ 25,000 ገደማ፣ የሰበቃው መጠንም 0.025፤ ግምታችን ራሱን አረጋገጠ። ባይገጥም ኖሮ በአዲሱ ቁጥር አንድ ዙር መድገም ነበር። ፍሰቱ 0.39 ሊትር በሰከንድ፣ ጀሪካኑ 52 ሰከንድ። ንጹሕ ግማሽ ኢንች ቢሆን በተመሳሳይ ስሌት 100 ሰከንድ ገደማ ይሆን ነበር። የዋጋውን ልዩነት ለሴትዮዋ ነግረን ምርጫውን ለእሷ ተውን። "አብሽሩ፣ ሰፊውን አምጡ" አለች።

ሥራው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ውሃው ሲለቀቅ አዲሱ ቧንቧ መጀመሪያ አስነጠሰ፣ አየር ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ልጁ በደስታ ቧንቧውን ከፍቶ በአንድ ምት ሊዘጋው ሲል ጮኽሁበት።

ምክንያት አለኝ። ወጣት ሳለሁ በአንድ ግቢ ውስጥ በረጅም የብረት መስመር ላይ ውሃው በሰከንድ 2 ሜትር እየሄደ ሳለ አንድ ሩብ ዙር ብቻ የሚዞረውን ቫልቭ ጠረቀምሁት። ግቢው ሁሉ እንደ ደወል ጮኸ፤ ከኋላዬ ያለው መጋጠሚያ ተፈናጥሮ ግድግዳ መታ። በዚያ ቀን አጥፊው እኔ ነበርሁ። የሚሄድ ውሃ ሲቆም የነበረው እንቅስቃሴ ወደ ግፊት ይለወጣል፤ ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮን የውሃ መስመር አጥንቶ ባወጣው ሕግ መሠረት እፍጋት ሲባዛ በድምፅ ፍጥነት፣ ሲባዛ በጠፋው ፍጥነት ነው። ብረት ቧንቧ ውስጥ ሞገዱ በሰከንድ 1,200 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 1,000 ሲባዛ በ1,200 ሲባዛ በ2፣ 24 ባር! ፕላስቲክ ስለሚለጠጥ ሞገዱ ይዘገያል፣ ምቱም ይለዝባል፤ ቢሆንም ቫልቭን እንደ መኪና በር አትዝጉ። ሞገዱ እስከ መስመሩ ጫፍ ሄዶ እስኪመለስ ከሚወስደው ጊዜ በጣም የሚረዝም ጊዜ ከሰጣችሁት ምቱ ይከስማል።

ጀሪካኑን ደቀንን። 55 ሰከንድ። የገመትነው 52 ስለነበር ልጁ ሦስቱን ሰከንድ ፍለጋ ጎሚቶዎቹን እንደገና መቁጠር ጀመረ፤ እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ።

በነጋታው ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሴትዮዋ ናት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነሥታ፣ ጀሪካኑን ደቅና፣ ራሷ ለክታዋለች።

"ሃምሳ ስድስት ነው" አለችኝ። "አንዷን ሰከንድ ማን ወሰዳት?"